ለሚጠግን ፈቃድ፤ ለሚተውስ?

ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሑድ ዕለት ፒያሳ ላይ የተነሣው እሳት የጣይቱ ሆቴልን ላይኛ ክፍል በላው። የጃዝ አምባ የሙዚቃ አዳራሽም አብሮ ወደመ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ እቴጌ ጣይቱ ያቋቋሙት ይህ ቤት የአዲስ አበባ የመጀመሪያ ሆቴል ነው፤ ከበረንዳው እስከ ደረጃው ጣውላ የበዛበት ቤት። እንዲህ ያለ ቤት ሲቃጠል ጥያቄው የሚጀምረው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። የነደደው ጣውላ በጣውላ ይተካ ወይስ በብረትና በኮንክሪት? ጣራው እንደ ቀድሞው ይመለስ ወይስ ከእሳት የሚያድን ሌላ ዘዴ ይፈለግ? ወጪው የማን ነው? ከሁሉ በፊት ደግሞ ይህን ሁሉ የሚፈቅደው ማን ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ሕጉን፣ ቢሮዎቹንና ያለፉትን ስልሳ ዓመታት የጥገና ታሪክ አንድ በአንድ ለተመለከተ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያወጣል። የኢትዮጵያ የቅርስ ሕግ የተሠራው ቅርስን ከሚነካ እጅ ለመጠበቅ ነው። አሮጌ ቤቶችን የሚያጠፋው ግን ብዙውን ጊዜ የሚነካቸው እጅ አይደለም፤ ማንም ሳይነካቸው የሚያልፉት ክረምቶች ናቸው። መጠገን የሚፈልግ ማስፈቀድ አለበት። ዝም ብሎ የሚተው የሚያስፈቅደው የለም።

ከ1850 ወዲህ የተሠራው

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የጥንታዊ ቅርሶች አዋጅ ቁጥር 229 መስፈርቱ ግልጽ ነበር፤ የሚጠበቀው ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራው ነው። የአክሱም ሐውልቶች፣ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት፣ የጎንደር ግንቦችና የሐረር ጀጎል በዚህ መስፈርት ይገባሉ። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ግን ከነታላቁ ቤተ መንግሥቷ፣ ከነመኳንንቱ ግቢና ከነጣይቱ ሆቴሏ ውጭ ቀረች። መዲናዪቱ የዳግማዊ ምኒልክን ዘመን ቤቶቿን ሕግ ሳይጠብቃቸው ነው አሮጌ ያደረገችው።

ዛሬም ድረስ የጥበቃው መሠረት የሆነው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያንን የዘመን ወሰን አንሥቶ ቅርስን በታሪካዊ፣ በባህላዊ፣ በሳይንሳዊና በኪነ ጥበባዊ ዋጋው ይመዝናል። የፈቃዱ ጉዳይ በአንቀጽ 19 ላይ ሰፍሯል፦ በቅርስ ላይ የሚደረግ ማንኛውም የእንክብካቤና የጥገና ሥራ አስቀድሞ የባለሥልጣኑን ፈቃድ ማግኘት አለበት። የማይንቀሳቀስ ቅርስን ከነበረበት ቦታ ለማንሣት የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። አንቀጽ 42 ደግሞ ብዙ ቅርሶች በአንድነት የሚገኙበት አካባቢ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ተከልሎ በነጋሪት ጋዜጣ ሊታወጅ እንደሚችል ይደነግጋል። በተከለለው ቦታ ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ቤት መሥራት፣ መንገድ ማውጣትና መሬት መቆፈር ክልክል ነው። ሆን ብሎ ቅርስን ማበላሸት በጽኑ እስራት ያስቀጣል።

አዋጁ ቅርስ የግልም የመንግሥትም ሊሆን እንደሚችል ይቀበላል። የግል ባለይዞታ ቅርሱን በራሱ ወጪ እንዲንከባከብ ግዴታ ይጥልበታል፤ ለጥገና የሚያስፈልገው ገንዘብ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ደግሞ መንግሥት ከወጪው ከፊሉን ሊሸፍን እንደሚችል ይናገራል። በወረቀት ላይ ሚዛኑን የጠበቀ ሕግ ነው።

ከዚያ በኋላ በሮቹ በዙ። አዋጅ ቁጥር 839/2006 ባህላዊ ቅርሶችን በሀገር አቀፍና በክልል ደረጃ ለይቶ መደባቸው። በሀገር አቀፍ ደረጃ የተመደበው ጉዳይ ዛሬ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ተብሎ ወደሚጠራው የፌዴራል ተቋም ይሄዳል፤ የቀረው ወደ ክልሉ ወይም ወደ ከተማው የባህልና ቱሪዝም ቢሮ። በዚህ ላይ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ያስለመደው አሠራር አለ፤ የፕላን ስምምነቱም የግንባታ ፈቃዱም የሚወጣው ከሕንፃ ሹም ዘንድ ነው። የሕንፃ ሹሙ የሚያየው የመሬቱን አጠቃቀም፣ የከፍታውን ልክና የሕንፃውን ደኅንነት ነው። የቅርስ ባለሙያው የሚያየው ሌላ ነው፤ የትኛው ግድግዳ የመጀመሪያው እንደሆነ፣ የትኛው በኋላ እንደተጨመረ፣ ምን ቢነሣ የቤቱ ታሪክ አብሮ እንደሚነሣ። ሁለቱ ባለሙያዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ካልተገናኙ አንዱ የፈቀደውን ሌላው የሚያግድበት፣ ከዚያም ሲብስ አንዱ ሳያውቅ ሌላው የሚፈቅድበት አጋጣሚ ይፈጠራል።

ቦታው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ካለ ሦስተኛ በር ይጨመራል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1977 የተቀበለችው የዓለም ቅርስ ስምምነት የአፈጻጸም መመሪያ፣ አባል ሀገራት በተመዘገበ ቦታ ትልቅ እድሳት ወይም አዲስ ግንባታ ሲያስቡ ውሳኔው የማይመለስበት ደረጃ ላይ ሳይደርስ ለኮሚቴው እንዲያሳውቁ ይጠይቃል። አክሱም ላይ ይህ በር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ታይቷል። በጽዮን ማርያም ግቢ የተጀመረው አዲስ የቤተ ክርስቲያን ሙዚየም በቁመቱና በአቀማመጡ ጥያቄ አስነሥቶ ኮሚቴው ግንባታው እንዲቆምና ንድፉ እንዲከለስ ጠይቋል። ሙዚየሙ የታሰበው ለቤተ ክርስቲያኒቱ ንዋያተ ቅድሳት የተሻለ መጠበቂያ እንዲሆን ነበር። አንዱን ቅርስ ለመጠበቅ የወጣ ፕሮጀክት ሌላውን ቅርስ ሊጋርድ እንደሚችል የታየውም በዚሁ ነው።

አመልካቹ ማን ነው?

ፈቃድ ለመስጠት መጀመሪያ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ውስጥ ትልቁ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። የመኳንንቱና የነጋዴዎቹ ሰፋፊ ቤቶች በጣውላና በጭቃ ግድግዳ እየተከፈሉ ለብዙ ቤተሰብ ተደለደሉ። አንዱ አዳራሽ አራት ቤት ሆነ፤ በረንዳው ተሸፍኖ ማድ ቤት ወጣው፤ የእንጨት ደረጃው ሥር መጋዘን ተሠራ። ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት ንቅንቅ ሳይል ስለቆየ ከቤቱ የሚገኘው ገቢ ጣራውን አንድ ጊዜ እንኳን የሚያስመታ አልሆነም።

እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የሚኖር ተከራይ ቆርቆሮው ሲበሳ ለማን ያመልክት? ቤቱ የእሱ ስላልሆነ የቅርስ ቢሮው ባለቤቱን አምጣ ይለዋል። ባለቤቱ ወረዳው ነው። ወረዳው የቤቶች ጥገና በጀት ቢኖረው እንኳ ገንዘቡ የተመደበው ለተራ ቤት ነው፤ ለመቶ ዓመት የእንጨት ሥራ የሚሆን አናጢ አልተመደበም። ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ ደግሞ ወረዳው ራሱ ሊነካው ይፈራል። ስለዚህ ተከራዩ ላስቲክ ዘርግቶ፣ በላዩ ድንጋይ አስቀምጦ ክረምቱን ያልፋል። በሚቀጥለው ዓመት ውኃው ወራጁ ላይ ይደርሳል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ቤቱን የሚያየው መሐንዲስ «ለነዋሪዎቹ አደገኛ ነው» ብሎ ይጽፋል። ያን ጊዜ የሚቀርበው ጥያቄ የመጠገን መሆኑ ቀርቶ የማፍረስ ሆኗል።

የግል ባለይዞታም የራሱ ስጋት አለው። ቤቱ በመዝገብ ከሰፈረ ፎቅ መሥራት እንደማይችል፣ ለመሸጥ ቢፈልግ ገዢ እንደሚያጣ፣ ለሚደረግ ለውጥ ሁሉ ቢሮ እንደሚመላለስ ያስባል። በምላሹ የሚያገኘው የተቆረጠ ነገር የለም። የአዋጁ የገንዘብ እገዛ «ሊሸፍን ይችላል» በሚል ቃል የተቀመጠ ስለሆነ ማንም በልበ ሙሉነት ሊቆጥርበት አይችልም። በዚህ ምክንያት መመዝገብ ለባለቤቱ ክብር መሆኑ ይቀርና ዕዳ መስሎ ይታየዋል።

የሚጠይቅ ሲታወቅና ገንዘቡ ሲገኝ ግን ሥራው ምን እንደሚመስል ለማየት ከከተማዋ መውጣት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው የአርቱሮ ሜዜዲሚ የአፍሪካ አዳራሽ፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበትና የሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ያለበት ሕንፃ፣ በባለቤቱ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ወደ 57 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ወጪ ታድሶ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ተከፍቷል። ባለቤቱ አንድ ነው፤ በጀቱን ያጸደቀው ጉባኤ አንድ ነው፤ የተጠናው ሰነድም ከሥራው ቀድሞ ነበር። የፒያሳ የቀበሌ ቤት ከእነዚህ ሦስቱ አንዱም የለውም።

ኖራና ሲሚንቶ

ፈቃድ ማስጠየቁ ራሱ ለምን አስፈለገ? በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ገንዘቡ ሊጠግን የተነሣን ሰው ማስቆም ምን ጥቅም አለው? መልሱ ያለው በቁሳቁሱ ነው።

የድሮ ግድግዳ ይተነፍሳል። በጭቃና በኖራ የታነጸ ድንጋይ ከመሬት የሚስበውን እርጥበት ቀስ እያደረገ በፊቱ ያስወጣል። በላዩ ሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ከልስኑ ጀርባ ተጠራቅሞ ጨዉን ያወጣል፣ ጭቃውን ያርሳል፣ በውስጡ ያለውን እንጨት ያበሰብሳል። ከውጭ ሲታይ ቤቱ ታድሷል፤ በውስጡ ግን ከበፊቱ ፈጥኖ እየፈረሰ ነው። ይህን ስሕተት የሠሩት ሁልጊዜ ያልተማሩ ሰዎች አይደሉም። ጎንደር ላይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲሚንቶና ኮንክሪት በፋሲል ግቢ ገብቶ ነበር፤ በኋላ የተካሄዱት የጥገና ሥራዎች አንዱ ተግባር ያንን እያነሡ በኖራ መተካት ነበር።

ላሊበላ ደግሞ የበለጠ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በተደረገው ጥገና የውኃ ፍሳሹን ለማቆም ሲባል ከአንድ አለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ላይ ሬንጅ ፈሰሰ፤ በላዩም ቀይ ቀለም ተቀባ። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ አለቱ ግን ታፈነ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የመራው ቡድን ያንን ሽፋን እያላቀቀ የማንሣት ሥራ ላይ ዋለ። የአንዱ ትውልድ መፍትሔ ለሚቀጥለው ትውልድ የጥገና ሥራ ሆነ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በቬኒስ የጸደቀው የባለሙያዎች ቻርተር እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ እንዲቆም የሚያሳስበው ከእንዲህ ያሉ ልምዶች ተነሥቶ ነው።

ስለዚህ ቁምነገር ያለው የፈቃድ ሥርዓት ማኅተም ከመምታት በፊት ጥቂት ነገሮችን ይጠይቃል። ሕንፃው በልኬት ተነሥቶ በንድፍ ይቀመጣል። ጉዳቱ የት እንደሆነ በፎቶግራፍና በሥዕል ይመላከታል። የጉዳቱ ምንጭ ይፈለጋል፤ ምክንያቱም የተሰነጠቀ ግድግዳ ብዙ ጊዜ የግድግዳ በሽታ ሳይሆን የመሠረት ወይም የአሸንዳ በሽታ ነው። የሚገባው ቁስ ከነበረው ጋር ተስማሚ መሆኑ ይፈተሻል። ሥራው ሲያልቅ ምን እንደተነካ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣው ጠጋኝ እንዳይደናበር።

ይህን ሁሉ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ግን በየወረዳው የለም። ኖራን አቃጥሎ፣ አጥፍቶ፣ አብላልቶ የሚያዘጋጅ ግንበኛም እየጠፋ ነው። ፈቃድ ጠያቂው ሰነዱን የሚሠራለትን ሰው ለማግኘት ከሰነዱ የበለጠ ይደክማል።

ምእመናኑና ጣራው

አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ጥንታዊ ሕንፃዎች ያሉት በቢሮ እጅ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ እጅ ነው። እነዚህ ቤቶች ዛሬም ቅዳሴ የሚቀደስባቸው፣ ሰላት የሚሰገድባቸው ናቸው። ሰበካ ጉባኤው ገንዘብ አሰባስቦ፣ የሊቀ ጳጳሱን ቡራኬ ተቀብሎ ሥራ ሲጀምር «የማን ፈቃድ ቀረ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚገርም አይደለም። ለእሱ ቤቱ የእግዚአብሔር ነው፤ ጠባቂው ደግሞ እሱ ነው።

የጣና ደሴቶችና ባሕረ ገቦች ላይ ያሉትን ክብ አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው ይህን ያውቃል። እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያሉት የመቅደስ ግድግዳቸው በሸራ ላይ በተሣሉ ሥዕሎች የተሸፈነ ነው፤ በአካባቢው የብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ጣራ ግን የሣር ክዳኑን በቆርቆሮ ለውጧል። የሣር ክዳን ብዙ ሣር፣ ብዙ እጅና ተደጋጋሚ እንክብካቤ ይጠይቃል። ቆርቆሮ በጥቂት ቀናት ይመታል፤ ለድሃ ደብር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። በሌላ በኩል የጣራው ቅርጽ፣ በውስጡ ያለው ሙቀት፣ ዝናብ ሲጥል የሚሰማው ድምፅ ይለወጣል። ከዚህም የከፋው ብዙ ቦታ የታየው ነው፤ አሮጌዋን ቤተ ክርስቲያን ከነሥዕሏ አፍርሶ በቦታዋ ሰፊ የኮንክሪት ሕንፃ ማቆም። ይህን የሚያደርጉት ቅርስን የሚንቁ ሰዎች አይደሉም። ምእመኑ በዝቶ ቤቱ ጠቧቸዋል፤ አማራጭ ይዞ የመጣላቸው ባለሙያ ግን አልነበረም።

ላሊበላም የምእመናንን ድምፅ አሰምቷል። አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለመከለል በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2007 እና 2008 የቆሙት ትልልቅ የብረት መጠለያዎች ጊዜያዊ ተብለው ነበር የተፈቀዱት፤ ለጥቂት ዓመታት። ዓመታቱ አለፉ፤ መጠለያዎቹ ግን አልተነሡም። የብረቱ ክብደት አለቱን ይጎዳል፣ ነፋስ ቢጥለው ምን ይሆናል የሚለው ስጋት እየጨመረ ሄዶ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ነዋሪዎቹ አደባባይ ወጡ። በመጋቢት 2011 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ላሊበላን ጎብኝተው ሀገራቸው እንደምትረዳ ቃል ገቡ፤ ከዚያም የሁለቱ ሀገራት የጋራ ፕሮጀክት ተጀመረ። ከዚህ የሚወሰደው ነገር ቀጥተኛ ነው። ጊዜያዊ ፈቃድ የሚሰጥ አካል መቼና በማን ገንዘብ እንደሚነሣ አብሮ ካልጻፈ ፈቃዱ ቋሚ ይሆናል።

ከዚያው ከተማ ሌላም አርአያ አለ። የዓለም ሐውልቶች ፈንድ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልን ሲጠግን የመረጠው መንገድ ትልቅ ሽፋን ማልበስ ሳይሆን ስንጥቆቹን አንድ በአንድ መድፈን፣ የውኃውን መሄጃ ማስተካከልና የአካባቢውን ሰዎች በሥራው ማሠልጠን ነበር። ቤቱ እንደገና ሲቆሽሽና ሲሰነጠቅ መጀመሪያ የሚያየው የከተማው ሰው ነውና።

ሐረርና ኮንሶ፦ ሳያስፈቅዱ መንከባከብ

በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ሐረር ጀጎል ከሌሎቹ ይለያል፤ ቅርሱ የሰዎች መኖሪያ ነው። በአሚር ኑር ዘመን የታጠረው ግንብ ውስጥ 82 መስጊዶች አሉ፤ በጠባብ ጎዳናዎቹ ላይ ደግሞ መደቦቻቸውና የግድግዳ መደርደሪያዎቻቸው የታወቁት የሐረሪ ቤቶች። የቤቱ ወለል ቀይ የሚቀባው በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይባላል። ሴቶቹ በበዓል ሰሞን ግድግዳውን ያድሳሉ፣ ቀለም ይቀባሉ።

ይህ ዓመታዊ እድሳት ማንንም አያስፈቅድም፤ ማስፈቀድም የለበትም። የቤቱ ዕድሜ የረዘመው በእሱ ነው። ችግሩ የሚመጣው ልጅ ሲያገባና ቤት ሲጠብ ነው። ያን ጊዜ በግቢው ውስጥ የብሎኬት ክፍል ይጨመራል፤ ጠፍጣፋው ጣራ በቆርቆሮ ይለወጣል፤ የጭቃው ግድግዳ በሲሚንቶ ይለሰናል። አንቀጽ 19 «ማንኛውም ሥራ» ስለሚል የበዓል ቅቡንና የብሎኬት ፎቁን በአንድ ሚዛን ያስቀምጣቸዋል። የጀጎል ቅርስ ጥበቃ ሠራተኞች በየቀኑ የሚሠሩት ይህን ልዩነት በራሳቸው ፍርድ መለየት ነው። ሕጉ ግን መሣሪያውን አልሰጣቸውም።

ኮንሶ ላይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የተመዘገበው የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በእርከኖቹና በድንጋይ በታጠሩ መንደሮቹ ይታወቃል። ሞራ በሚባለው የጋራ አደባባይ ያለው ቤት ሲያረጅ የመጠገን ግዴታው በዕድሜ እርከን የተደለደለ ነው። ፈቃድ የሚሰጠውም ሥራውን የሚሠራውም ያው ማኅበረሰብ ነው፤ ጥገናው የሚዘገየው ቢሮ ስለተዘጋ ሳይሆን ወጣቱ ወደ ከተማ ስለሄደ ነው። የፌዴራሉ ባለሥልጣን እዚያ ሊያደርግ የሚችለው ትልቁ ነገር ያንን ልማድ ማገዝ ነው።

ፒያሳ፣ 2016

የፈቃድ ሥርዓት እውነተኛ ፈተናው ባለቤቱ መንግሥት፣ ፈቃጁ መንግሥት፣ አፍራሹም መንግሥት ሲሆን ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሥራ በፒያሳና በዙሪያው ሲጀመር እንደ ዶሮ ማነቂያ ያሉ ሰፈሮች በአጭር ጊዜ ውስጥ ፈረሱ። አርክቴክቶች፣ የታሪክ ሰዎችና ነዋሪዎች ያነሡት ክርክር በአብዛኛው ያተኮረው የትኞቹ ቤቶች በቅርስነት ተመዝግበው ነበር፣ የትኞቹስ አልነበሩም በሚለው ላይ ነበር። ያ ክርክር ራሱ ሥርዓቱ ምን እንደጎደለው ያሳያል። ማንም ዜጋ ገልጦ ሊያነበው የሚችል፣ እያንዳንዱ ቤት በአድራሻው፣ በፎቶግራፉና የተመዘገበበት ምክንያት ተጽፎ የሰፈረበት መዝገብ ቢኖር ክርክሩ በአንድ ቀን ይፈታ ነበር። መዝገቡ በቢሮ መሳቢያ ውስጥ ሲሆን ግን አንድ ቤት መቼ እንደገባና መቼ እንደወጣ ማንም አያውቅም።

ሌላም ነገር አለ። አንቀጽ 42 አካባቢን በሙሉ ለመከለል የሚያስችለው ሥልጣን ፒያሳን ለመሰለ ሰፈር የተጻፈ ይመስላል። የፒያሳ ዋጋ በአንድ ትልቅ ሕንፃ ላይ የተቀመጠ አይደለም። የአርመን አናጢ፣ የሕንድ ግንበኛ፣ የግሪክ ባለሱቅና የሀገሬው ባላባት ጎን ለጎን የገነቡት የመንገድ መስመር ነው። አንዱን ቤት ብቻውን አስቀርቶ ጎረቤቱን ማፍረስ የተመዘገበውን ያድናል፤ ሰፈሩን ግን አያድንም።

በባዝና በኢየሩሳሌም

ኢትዮጵያውያን ጥብቅ ሥርዓት ባለበት ሀገር ውስጥ ያላቸውን ቤት መመልከት ንጽጽሩን ያቀልለዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመናቸው የኖሩበት በእንግሊዟ ባዝ ከተማ የሚገኘው ፌርፊልድ ሃውስ እ.ኤ.አ. በ1958 ለከተማዋ በስጦታ ተሰጥቷል፤ ዛሬ በእንግሊዝ የጥበቃ መዝገብ ውስጥ ያለ ሕንፃ ነው። በዚያ መዝገብ ከ370 ሺህ በላይ ግቤቶች አሉ፤ ሁሉም በደረጃ የተከፈሉና ለማንም ክፍት ናቸው። የሕንፃውን ባሕርይ የሚለውጥ ሥራ ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ነው። ያረጀውን በዚያው ዓይነት መተካት ግን ብዙውን ጊዜ ፈቃድ አያስፈልገውም። ማመልከቻው ክፍያ የለበትም፤ መልስ የሚሰጥበት ጊዜም ስምንት ሳምንት ተብሎ ተወስኗል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ለኢትዮጵያ የሚጠቅመው ሌላ ድንጋጌ ነው። የአካባቢው አስተዳደር ባዶ የተተወ የተመዘገበ ሕንፃ ላይ አስቸኳይ ጥገና አድርጎ ወጪውን ከባለቤቱ ሊያስከፍል ይችላል። ለባለቤቱ የጥገና ማስታወቂያ ሰጥቶ፣ ሳይፈጸም ሲቀር ሕንፃውን በካሣ እስከ መውሰድ ይደርሳል። ሕጉ የሚነካውንም የሚተወውንም ይከታተላል ማለት ነው። ይህ ሥርዓት እንግሊዝ ውስጥም ቅሬታ ያስነሣል፤ ባለቤቶች መስኮት ለመቀየር እንኳ ብዙ ደብዳቤ እንደሚጻጻፉ ያማርራሉ። ሆኖም ማንን እንደሚጠይቁ፣ መቼ እንደሚመለስላቸው ያውቃሉ።

ፈቃድ የሚሰጥ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ደግሞ ኢየሩሳሌም ላይ ይታያል። በቅዱስ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ያለው ዴር ሡልጣን ለዘመናት በኢትዮጵያውያንና በግብጽ ኮፕቶች መካከል ሲያከራክር የኖረ ገዳም ነው። የኦቶማን ሱልጣን እ.ኤ.አ. በ1852 ባጸናው «ባለበት ይቆይ» ሥርዓት መሠረት አንድን ቦታ የሚጠግን የባለቤትነት ጥያቄ እንዳነሣ ይቆጠራል፤ ደረጃ መጥረግ እንኳ አምባጓሮ ያስነሣል። እ.ኤ.አ. በ1970 በትንሣኤ ሌሊት ኢትዮጵያውያኑ ቁልፉን ቀይረው ቦታውን ያዙ፤ የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለኮፕቶቹ ቢፈርድም መንግሥት ፍርዱን አላስፈጸመም። ከዚያ ወዲህ ማንም ሌላውን አላስጠገነም። እ.ኤ.አ. በ2017 ከቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤት ጣራ ድንጋይ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ2018 የእስራኤል የጥንታዊ ቅርስ ባለሥልጣን ጥገናውን ሊጀምር ሲመጣ የተቃወሙ የኮፕት መነኮሳትን ፖሊስ በኃይል አነሣ።

ምን ይለወጥ?

ከነዚህ ሁሉ ጉዳዮች ከሚወጡት መፍትሔዎች መካከል ብዙም አዲስ ገንዘብ የማይጠይቁ አሉ። የመጀመሪያው ሥራዎችን በደረጃ መክፈል ነው። ቆርቆሮን በቆርቆሮ መተካት፣ አሸንዳ መጥረግ፣ ኖራን በኖራ ማደስ በማሳወቅ ብቻ ቢፈቀድ ተከራዩም ደብሩም ከክረምት በፊት ይደርሳሉ። ግድግዳ ማንሣት፣ ፎቅ መጨመር፣ የቁስ ዓይነት መለወጥ ግን በጥናትና በጊዜ ገደብ ይታይ። ሁለተኛው መዝገቡን መክፈት ነው፤ ፕላን የሚያወጣው መሐንዲስ መስመሩን ከማስመሩ በፊት የሚያየው እንዲሆን። ሦስተኛው የሕንፃ ሹሙንና የቅርስ ባለሙያውን በአንድ ማመልከቻ ማገናኘት ነው፤ ባለቤቱ ሁለት ቢሮ እንዳይዞር።

ገንዘብ የሚጠይቀው ሌላ ነው። አዋጁ «ሊሸፍን ይችላል» ያለው እገዛ የሚከፈልበት ሒሳብ፣ የሚጠየቅበት ቅጽና የሚወሰንበት መስፈርት ያስፈልገዋል። የኖራ ግንበኞችንና የእንጨት ባለሙያዎችን ማሠልጠንም ከዚያው ጋር የሚሄድ ነው፤ ያለ እነሱ የተሰጠ ፈቃድ በወረቀት ላይ ይቀራል።

አስቸጋሪው የሚቀረው የጥገና ማስታወቂያ ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ቤቱን የተወው አብዛኛውን ጊዜ ወረዳው ወይም ሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለሆነ ማስታወቂያውን የሚሰጠውም የሚቀበለውም አንድ አካል ይሆናል። ስለዚህ አዋጅ 209 በሚሻሻልበት ጊዜ ቤቱን ከሚያስተዳድረው አካል የተለየ፣ ለመንግሥት ባለይዞታም ቀነ ገደብ ሊሰጥ የሚችልና ውሳኔውን በይፋ የሚያወጣ ተቋም በግልጽ መሰየም አለበት።